ደረጃ የወጣችው መርከብ

ልጅ ሳለሁ ተረትንና እውነትን የምለያቸው በአጀማመራቸው ነበር። «ተረት ተረት» ተብሎ ከተጀመረ ተረት ነው፤ ጦጣ ትናገርበታለች፣ ጅብ ዳኛ ይሆንበታል፣ ማንም አይጠየቅበትም። ይህን ሕግ ማንም አላስተማረኝም፤ እኔው አውጥቼ እኔው አጸደቅኩት። በዚህ ሕግ የተነሣ የአንድ ደግ ሰው እንጀራ እንደዘጋሁ የገባኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ፣ ከቢዩፎርድ ሀይዌይ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ነበር። እማዬ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ከሰዓት ገብታ ማታ ስለምትወጣ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን የሚጠብቁን ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጋሼ ተሰማ ነበሩ። ዝምድና የለንም፤ ጉርብትና ብቻ ነው። ጋሼ ተሰማ ጠዋት ጠዋት ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፣ እስከ እኩለ ቀን አስፋልት ላይ ይቆሙና ከሰዓት ወደ ቤት ይመለሳሉ። በበጋ ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ሣር ላይ ትንሿን የከሰል ምድጃቸውን አውጥተው በቆሎ እሸት ይጠብሱልናል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የበቆሎው ፍሬ ፍሙ ላይ ጠሽ ጠሽ እያለ፣ ከራሳችን በላይ ያለውን የበረንዳ መብራት የእሳት ራቶች ከበውት፣ እኛ ሣሩ ላይ እግራችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን።

«ተረት ተረት!» ይላሉ ፍሙን በካርቶን እያራገቡ።

«የላም በረት!» እንላለን።

አንዳንድ ቀን የጦጣና የቀበሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ናቲ የሚለምነው የመርከቧን ነበር።

ሁለት ውቅያኖሶች ነበሩ፤ በመካከላቸው ቀጭን መሬት፣ በመሬቱ ላይ ተራራ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የፈለገ መርከብ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞሮ፣ ማዕበል እየገፈተረው ስንት ሳምንት ይባዝን ነበር። ፓናማ ይባላል አገሩ። መጀመሪያ ፈረንሳዮች መጡና ተራራውን እንቁረጥ አሉ፤ ወባና ቢጫ ወባ ፈጃቸው፣ የቆፈሩትንም ዝናቡ እየናደ መልሶ ደፈነባቸው፣ ጥለው ሄዱ። ከዚያ አሜሪካኖች መጡ። አፈሩን የዛቁት ግን አብዛኞቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ፤ ስንቱ እዚያው ቀረ። ጋሼ ተሰማ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ማራገባቸውን አቁመው ካርቶኑን መሬት ያስቀምጣሉ።

ተራራውን እስከ ባሕሩ ወለል ድረስ መቆፈር እንደማይሆን ሲያዩ ወንዙን ገደቡት፤ ውኃው ሸለቆውን ሞልቶ ከባሕሩ በላይ ከፍ ያለ ሐይቅ ሆነ። መርከቧ እንግዲህ ከባሕር ወደዚያ ሐይቅ በደረጃ ትወጣለች።

«ኖ ዌይ!» ይላል ናቲ። «መርከብ እግር አላት እንዴ?»

«ምን እግር ያስፈልጋታል? ውኃው ያወጣታል።»

ከዚያ በሁለት እጃቸው ያሳዩናል። መርከቧ ግንብ ወደሆነ ትልቅ ክፍል ትገባለች፣ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል። ከላይ ካለው ሐይቅ የሚመጣው ውኃ በክፍሉ ወለል ባሉ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ውኃው ከፍ ሲል መርከቧም ከነጭነቷ ከፍ ትላለች፤ ከሚቀጥለው ክፍል ውኃ ጋር ስትተካከል የፊቱ በር ይከፈታል። እንዲህ ሦስት ጊዜ። ሐይቁን አቋርጣ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ሦስት ደረጃ ወርዳ ሌላኛው ውቅያኖስ ውስጥ ትገባለች። «ውኃውን የሚገፋ ፓምፕ የለም» ይላሉ፤ «ውኃ ቁልቁል ለመውረድ ማን አስተማሪ ይቀጥርለታል?» በሮቹ እንደ ሁለት መዳፍ ጫፍ ለጫፍ ይገጥማሉ፤ ገጥመውም ወደ ከፍተኛው ውኃ ይሾላሉ፤ ውኃው በገፋቸው ቁጥር የበለጠ ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የማልረሳው ጀልባዋን ነበር። ያን የሚያህል የብረት ተራራ ሲመጣ ሁለት ሰዎች በመቅዘፊያ ጀልባ ወጥተው ቀጭን ገመድ ያቀብሉታል። ቀጭኑ ገመድ ወፍራሙን የብረት ገመድ ይጎትታል፤ የብረቱን ገመድ ግንቡ ላይ በሐዲድ የሚሄዱ ትንንሽ ሞተሮች ግራና ቀኝ ወጥረው መርከቧ ግንቡን እንዳትፍቅ ይይዟታል። እነዚያን ሞተሮች ሰዎቹ በቅሎ ነው የሚሏቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሉና ጋሼ ተሰማ በቆሎውን ያገላብጣሉ።

እሳቸው ራሳቸውም በተረቱ ውስጥ የመርከቧ ሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ሁለት ጊዜ በዚያ ቦይ አልፈው ምንም አላዩም፤ ሆዷ ውስጥ ሞተሩን ዘይት ሲቀቡ ነበር። በሦስተኛው ግን አለቃቸው «ውጣና እይ» አላቸው። «ስወጣ ግንቡ ከራሴ በላይ ነበር። ሲጋራ ለኮስኩ። ሳልጨርሳት ግንቡ ከእግሬ በታች ሆነ። መርከቧ አልተንቀጠቀጠች፣ ድምፅ አላሰማች። ወደ ኋላ ዞር ብል ባሕሩ ታች ቀርቷል። እግዚኦ አልኩ።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀንሳል፣ እኔም ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል። ከዚያ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ፤ ናቲ በቆሎውን ይሰጣቸዋል፤ እኔ ደግሞ መርከቧን ከጅቡ ዳኛ ጎን አስቀምጬ እተኛለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እማዬ የምትሠራበት ሆቴል የውኃ ማሞቂያው የቦይለር ክፍል ሠራተኛ ፈለገ። ሥራው ጥላ ውስጥ ነው፣ ወንበር አለው። የጋሼ ተሰማ እግር በዚያ በጋ ጫማ እምቢ እስኪል አብጦ ስለነበር እማዬ ማመልከቻውን ራሷ ሞላችላቸው። የኢንተርቪው ቀን ግን እሷ ክፍል ማጽዳት ላይ ሆነች። «ሳሮን ታስተርጉምልኝ» ብለው ጋሼ ተሰማ እኔን መረጡ፤ ኮት ለብሰው፣ እጄን ይዘው ገቡ።

ሱፐርቫይዘሩ ከዚህ በፊት ምን ዓይነት ማሽን ላይ ሠርተው እንደሚያውቁ ጠየቀ። ጋሼ ተሰማ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«አሥራ አንድ ዓመት የመርከብ ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ በይው፣ የኔ ልጅ። ቦይለሩንም ፓምፑንም አውቃለሁ። በፓናማ ቦይ ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ በይው።»

ፊቴ ጋለ። ተረታቸውን እዚህም ይዘውት መጡ ብዬ አፈርኩላቸው፤ ሰውየው ሊስቅባቸው ነው ብዬ ፈራሁ። በእንግሊዝኛ፣ መኪና ማቆሚያ ይሠራሉ፣ ጎበዝ ናቸው፣ አርፍደው አያውቁም አልኩ።

«ይኸው ነው?» አለኝ።

«ይኸው ነው» አልኩ።

ጋሼ ተሰማ አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ሰውየውን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ባቡር ውስጥ «አልራበሽም?» ብቻ ነው ያሉኝ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሳቸውም አስፋልቱ ላይ ቀሩ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ መምህራችን መብራት አጥፍታ ፊልም አሳየችን። መጀመሪያ ያየሁት ጀልባዋን ነው። ሁለት ሰዎች እየቀዘፉ ነበር፤ ከላያቸው ሰማዩን የሸፈነ ብረት ቆሟል፤ አንደኛው ቀጭን ገመድ አቀበለ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ መርከቧ ቀስ ብላ፣ ያለ ድምፅ፣ ከፍ አለች። ከነሺህ የጭነት ሣጥኗ! አፌን ይዤ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ይኖር ኖሯል፤ ሰው ሠርቶት፣ እኔ የማውቀው ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ሲጋራ አጭሶበት። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ወዲያው ያ ኢንተርቪው ትዝ አለኝ፤ ትምህርት እንዳበቃ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ጋሼ ተሰማን ደረጃው ላይ፣ እግራቸውን የጨው ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ለሰውየው የመርከቧን አልነገርኩትም። ተረት መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሺፕ ስትይ ልሰማ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩባትን ስሟን በእንግሊዝኛ አላጣውም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አላሉትም? አንድ ቃል እኮ ነው!»

እግራቸውን ከውኃው አውጥተው በፎጣ አደረቁ። «ይኸው ነው ወይ ብሎሽ፣ ይኸው ነው ብለሽዋል። ከዚያ በኋላ እኔ አፌን ብከፍት በባዕድ ሰው ፊት ውሸታም የምትባይው አንቺ ነሽ። ገና ዘጠኝ ዓመትሽ!»

አለቀስኩ። አልከለከሉኝም፤ ሲበቃኝ ውኃውን እንድደፋላቸው ሰጡኝ።

አሁን ጋሼ ተሰማ ስማይርና በምትባል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ፤ እኔም ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኛለሁ፤ ታካሚ የሚለውን ባምነውም ባላምነውም አንድ ቃል ሳልጥል አደርሳለሁ። ያን ቦይ ገና በዓይኔ አላየሁትም። ስለ ግንቡ፣ ስለ ውኃው፣ እዚያ ስለቀሩት ሰዎች ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ጋሼ ተሰማ አንዲት ነገር እንዳልጨመሩ አያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከሁላችን ውሸት የተናገርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱንም እሳቸው አራት ዓመት ሙሉ ሸፍነውልኝ ኖሩ።