የፈተናው ከረጢትና የአቶ ኸሊፋ ጠመንጃ

ክልላችን አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን አሶሳ አስተምር ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና መንጌ እንዳደርስ ስታዘዝ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መንገድ ላይ ዘራፊዎች አንድ ነጋዴ ደብድበው አህዮቹን ነድተውበት ነበር። ከረጢቱ ከጠፋ የመንጌ ልጆች ዓመታቸው ተቃጠለ ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት

አጃቢ የተሰጡኝ አቶ ኸሊፋ ናቸው፤ ማሽላ የሚያርሱ የበርታ ሽማግሌና የቀበሌ ታጣቂ። አሮጌ ቤልጅግ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው መጡ።

“ሰው እንዳይደነግጥ በጋቢ ቢሸፍኑት ምናለበት?” አልኳቸው።

“የለም፣ መምህርት። ሌባ ከሩቅ ይየው። አይቶ ይመለስ። አንተ አትፍራ፣ ከኋላዬ ና።”

አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ “አንተ” ሲሉኝ ግን ሆዴ ረጋ አለ።

የጭነት መኪናው ግማሽ መንገድ አድርሶን ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ከአንዲት ሴት አሥር ማንጎ በአንድ ብር ገዝተን እየበላን በእግር ቀጠልን። ቀዩ አፈር ጫማዬ ላይ ይለጠፋል፤ ግራና ቀኙ ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ጫካ ነው።

ከቀትር በኋላ

ወንዙን እንደተሻገርን ሦስት ሰዎች ከሽመሉ ወጥተው መንገዱን ዘጉት። ሁለቱ ገጀራ፣ አንዱ ዱላ ይዘዋል። ከረጢቱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

አቶ ኸሊፋ ጠመንጃውን ከትከሻቸው አላወረዱም። በእኔና በሰዎቹ መካከል ቆመው “አሰላሙ ዐለይኩም” አሉ። የሰዎቹ ዓይን ሁሉ ጠመንጃው ላይ ነው። አንዱ በበርታኛ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ረጋ ብለው መለሱ። ዱላ የያዘው መጀመሪያ ወደ ዳር ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ርቀን ከሄድን በኋላ “ምን አሏቸው?” ብዬ ጠየቅሁ።

“‘ምን ይዛችኋል?’ አለኝ። ‘የልጆቻችሁ ፈተና ነው፣ የሚነካው ሰው ከእኔ ጋር ይነጋገራል’ አልኩት።”

“ባይመለሱስ? እርስዎ ይተኩሱባቸው ነበር?”

“ወላሂ፣ አላውቅም። ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ፤ ሰው ላይ ተኩሼ አላውቅም።” ይህን ሲሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

ረቡዕ

መንጌ ላይ ማኅተሙ እንዳልተነካ አሳይቼ ከረጢቱን ተማሪዎቹ ፊት ፈታሁ። ከሁለት ሰዓት መንገድ የመጡ ልጃገረዶች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እርሳሳቸውን ሲያነሱ ሳይ ዕንባዬ መጣ።

ዓርብ፣ አሶሳ

በሰላም ገባን። ጠመንጃን የማውቀው የቀብርና የለቅሶ ምክንያት ሲሆን ነበር። ጠመንጃ ሰውን የሚጠብቀው የያዘው ሰው ልቡ ሲረጋ እንደሆነ ከአቶ ኸሊፋ ተማርኩ። ትምህርት ቢሮው ያየሁትን በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቀኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ሦስቱ ሰዎች ጻፍኩና በመጨረሻው መስመር ላይ፣ በኩራት፣ እንዲህ አልኩ፦ “የጎደለ ወረቀት የለም፤ የተተኮሰ ጥይትም የለም።”