በሳልዲ የተገዛ አይመለስም

ሮም ውስጥ አልጋነሽን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ሲበርደው የኖረ መሆን አለበት። ቁመቷ አጭር፣ ወርዷ ሰፊ፣ ድምፅዋ አውቶብስ ሙሉ ሰው የሚያስዞር ሴት ነበረች። ከአዲስ አበባ አዲስ ገረድ በመጣች ቁጥር ለልብስ የምትላከው ወደ እሷ ነው። ገረድ መባሉ ይቅር የሚል ይኖራል፤ ስሙን ማሳመር ግን የሲኞራዎቹን ወለል አያጸዳውም። ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ሌላ ሰው ይፈለግ ነበር፣ ለኑዛዜ ቄስ አለ፣ ለልብስ አልጋነሽ ነበረች።

ትምህርቷን የምትሰጠው በጥር ነው። ጣሊያኖቹ የገናቸውን ድግስ ጨርሰው፣ ቤፋና የሚሏት አሮጊት ለልጆቹ ከረሜላዋን አድላ ስትሄድ፣ ሱቆቹ መስታወታቸው ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፈው ያልተሸጠላቸውን በግማሽ ዋጋ ያራግፋሉ። ሳልዲ ይሉታል። ሲኞራዎቹ ለጨዋታ ይገዛሉ። ገረዶቻቸው የብርዱ ወራት እኩሌታ አጥንታቸው ድረስ ከገባ በኋላ፣ ከእሁድ ሌላ ያለቻቸውን አንዲት የሐሙስ ከሰዓት ዕረፍት ይዘው ለመልበስ ይገዛሉ።

«አሎራ፣ ስሚኝ» ብላ ትጀምራለች አልጋነሽ፣ ጣቷን ቀጥ አድርጋ። «መስታወቱ ላይ ያለውን አይተሽ አትግቢ፤ እሱ ማጥመጃ ነው። ከክምሩ ሥር ያለውን አውጪ። ስፌቱን ገልብጠሽ እዪ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳትለኪ እንዳትከፍዪ። በሳልዲ የተገዛ አይመለስም!»

አዲስ መጪዎቹ ሁሉ ቦንጆርኖ ማለትን በወጉ ሳያውቁ ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ያውቋት ነበር። ከኋላዋ ጣታቸውን ቀስረው፣ ድምፃቸውን አወፍረው «አይመለስም!» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትሰማለች፤ አይከፋትም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር የመጣችባት ተማሪ ሠናይት ነበረች። ሠናይት ሮም የገባችው በኅዳር ሲሆን፣ ከአውሮፕላን የወረደችው ስስ ቀሚስ ለብሳ ነው። ከሲታ፣ ዓይነ ትልቅ፣ ሥራዋን ዝም ብላ የምትሠራ ልጅ ናት። አንድ ነገር ብቻ አሻፈረኝ ብላ ነበር። ሲኞራዋ እንግዳ ስትጠራ ሠናይት ጥቁር ቀሚስ በነጭ ሽርጥ ለብሳ ምግብ እንድታቀርብ ትፈልጋለች። ደንቡ ነው። ሠናይት ግን ጥቁሩን ስታይ አማተበች። «ማን ሞቶብኝ ነው? ወንድሜ ላይ ያሟርቱብኛል እንዴ?» አለች፣ በአማርኛ፣ ለማትሰማት ሴት። ሲኞራዋም ልጅቷ ግራ ብታጋባት ሰማያዊ አለበሰቻት።

ወንድሟ ብርሃነ ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ እንደ ልጇ ያሳደገችው፣ ገና ጢሙን መላጨት የጀመረ ተማሪ። ከእሱ ሌላ ሰው የላትም፤ አዲስ አበባ ያለች አንዲት አክስት ካልተቆጠረች። ሮም የመጣችውም እሱን ለማውጣት ነው። ሲኞራዋን አስመጪልኝ ብላ በተሰባበረ ጣሊያንኛ ስትለምናት፣ ሴትዮዋ «ቬዲያሞ» አለቻት። እናያለን ማለት ነው። ሮም ውስጥ የቆየ ሰው ቬዲያሞ የተባለ ነገር ታይቶ እንደማያውቅ ይገባዋል። ሠናይት ግን ቃል እንደተገባላት ቆጥራ፣ ወንድሜ ሊመጣ ነው እያለች ታወራ ጀመር።

በዚያው በገና ሰሞን ከአዲስ አበባ አንዲት መነኩሲት መጡ። ይዘውት የመጡትን ወሬ በቀጥታ ለሠናይት አልነገሩም፤ እንደ ወጉ ለታላቅ ሰው፣ የሮም ሐበሾች ሁሉ እንደ እናት ለሚያዩዋቸው ለእትዬ ጣይቱ ነገሩ። ብርሃነን የቀበሌ ታጣቂዎች ማታ ከቤቱ ወስደውታል። ሲነጋ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ተገኘ። አክስቲቱ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ጥቁር እንዳትለብስም ቀበሌው አስጠነቀቃት፤ ለአብዮቱ ጠላት ከል የለበሰ እሱም ጠላት ነው ተባለች።

እትዬ ጣይቱ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር በተከራዩዋት ክፍል አልጋነሽን አስጠርተው በሩን ዘጉ።

«እሁድ እናረዳታለን» አሉ። «አገራችን ቢሆን ጎህ ሳይቀድ፣ ተሰብስበን ሄደን ነበር። እዚህ በሌሊት የሲኞራ በር ማን ያንኳኳል? ፖሊስ ነው የሚጠሩልን። ስለዚህ በዕረፍቷ፣ እሁድ ከሰዓት፣ እዚሁ ትምጣ።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ?» አለች አልጋነሽ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች።

«ጥቁር ቀሚስ ግዢላት። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። እዚያ ሥጋ ዘመዱ ከል መልበስ ተከልክላለች፤ እንግዲህ በዓለም ላይ ለዚያ ልጅ ጥቁር የምትለብስለት እሷ ብቻ ናት። በሰው ልብስ አትዘን። ልኳ ይሁን።»

«ሐሙስ እኮ እሷን ራሷን ሳልዲ ልወስዳት ቃል ገብቻለሁ!»

«እንግዲያው አብራችሁ ሂዱ። አደራ፣ ፊትሽ እንዳያስታውቅብሽ።»

አልጋነሽ ሌላ ቀን ብቻዋን ልትሄድ አልቻለችም፤ እሷም የሰው ቤት ሠራተኛ ናትና ከእሁድ ሌላ ያላት ያው ሐሙስ ነው። እንደዚህ ሆኖ፣ መርዶ ያልሰማች ሴት የራሷን ከል ፍለጋ ከአልጋነሽ ጋር ተያይዛ ወጣች።

ቪያ ናዚዮናሌ የሚሉት የሱቆች ጎዳና ሰው በሰው ላይ ነው። አንዱ ሰፊ ሱቅ ገቡ። ሠናይት የሴቶቹን ክፍል ዞር ብላ እንኳ አላየችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ወንዶቹ ካፖርት ሄደች።

«ለአንቺ አይደለም እንዴ የመጣነው?» አለች አልጋነሽ።

«ለብርሃነ ነው። እኔ እንደወረድኩት ሆኖ እንዲወርድ አልፈልግም። ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ካፖርቱን ይዤ ነው የምጠብቀው፤ በሩ ላይ አለብሰዋለሁ።»

አልጋነሽ በዚያች ደቂቃ እትዬ ጣይቱን ጠላቻቸው፤ መነኩሲቷንም፣ ወጉንም ጠላች። ሰባት ዓመት ሙሉ ቃል ጎድሎባት የማያውቅ ሴት፣ አሁን ያላት ያው የተለመደው ትምህርቷ ብቻ ነበር።

«ሳይለካ? የነገርኩሽን ረሳሽው? ልኩ ባይሆን ምን ልታደርጊ ነው? ይምጣና እዚሁ ይገዛል። ተይው፣ የኔ እናት።»

«እስኪመጣ ሳልዲው ያልቃል። እኔ እለካለታለሁ» አለችና ሠናይት አንዱን ግራጫ ካፖርት አጠለቀችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ። ሳቀች። «አየሽ? አባታችን ሲሞት የተወልን አንድ ኮት ነበር፤ ተራ በተራ እየለበስነው ነው ያደግነው። እኔን እጄን ከዋጠኝ ለእሱ ልኩ ነው። አሁን ደግሞ ደረቱ ሰፍቷል።»

ደረቱ ሰፍቷል ስትል አልጋነሽ ያ ወረቀት ታያት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሠናይት እንደተማረችው ስፌቱን ገለበጠች። ኪሶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። ቁልፎቹን ጎተት ጎተት አደረገች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። አልጋነሽ ልትከለክላት አልቻለችም፤ የምትከለክልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የእሁድ ነው። ሠናይት ከፈለች። ሻጯ ካፖርቱን አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ከተተችላት።

«ውጪ ቆዪኝ» አለቻት አልጋነሽ። «ለራሴ አንድ ነገር ልይ።»

ሠናይት ከረጢቷን አቅፋ ስትወጣ አልጋነሽ በሴቶቹ ክምር ላይ ተጣደች። ሐዘን እንኳ በቅናሽ! አለች በልቧ፤ ተናደደች። ከሥር አንድ ጥቁር የሱፍ ቀሚስ አገኘች። ስፌቱ ደህና፣ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ የተዘጋ። ወጉን የጠበቀ። የሠናይትን ትከሻ በዓይኗ ለክታ አነሳችውና ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ፈጠነች።

ስህተቷ እዚህ ላይ ነው። የሌላውን ልክ በዓይኗ የምትለካ ሴት የራሷን ረሳች። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀሚሱን አየች፣ አልጋነሽን ከላይ እስከ ታች አየች፣ ሳቋንም መያዝ አቃታት። ይህ ለአንቺ አይሆንም፣ ሲኞራ፣ አለቻት በጣሊያንኛ፤ ቢያንስ አራት ቁጥር ይጎድለዋል።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ጠቅልዪው» አለች አልጋነሽ፣ በጣሊያንኛም በአማርኛም።

ይሄኔ ሠናይት ከጀርባዋ መጣች። ውጪ ማካፋት ጀምሮ ኖሮ ካፖርቱ እንዳይረጥብ ተመልሳ ገብታ ነበር። ቀሚሱን አይታ ሳቋ መጣ፤ ጣቷን ቀሰረች፣ ድምፅዋን አወፈረች።

«ሳትለኪ እንዳትከፍዪ! እትዬ አልጋነሽ ሙች፣ አንድ ጭንሽም አይገባበትም። ይሄ እኮ የእኔ ልክ ነው።»

ካፖርቱን ያጣጠፈችው ሻጭም ነገሩ ገብቷት ቀሚሱን አነሳችና ሠናይት ደረት ላይ ለጠፈችው። ትከሻው ትከሻዋ ላይ ዐረፈ። እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆመ። ለእሷ የተሰፋ ነበር የሚመስለው። «ፔርፌቶ!» አለች ሻጯ፣ እጇን እያጨበጨበች።

«ወዲያ!» ሠናይት ወደ ኋላ አለች። «ጥቁር አልወድም። ለማን ነው?»

«ለእትዬ ጣይቱ» አለች አልጋነሽ።

«እትዬ ጣይቱ ከአንቺም አይሰፉም?»

አልጋነሽ ሌላ ስም ፈለገች። በሮም ያሉትን ሴቶች ሁሉ በልቧ ጠራች፤ ያን ቀጭን ትከሻ ያላት አንዲትም አልመጣላትም። አደራው አፏን ዘግቶት ነበር፤ ዓይኗን ግን ሊዘጋላት አልቻለም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሠናይት አየቻት። ቀጥሎ ቀሚሱን አየች። የካፖርቱን ከረጢት ሳታውቀው ወደ ፊት ዘረጋች፣ ያዥልኝ የምትል ይመስል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ከኋላ የተሰለፈውን ሰው አየች። ሁለት የሐበሻ ሴቶች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ የገዛችውን መልሳ ትዘረጋለች። ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ ያለ ብዙ አይታለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በብዕሯ እየጠቆመች፣ ቆጣ ብላ፣ ቶሎ ቶሎ ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች ሠናይት። ዓይኗ ከአልጋነሽ ፊት አልተነቀለም። ድምፅዋ የሕፃን ሆኖ ነበር።

አልጋነሽ ሰባት ዓመት ያስተማረችውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራችው። ግን ተጠይቃለች፤ ከዚያ ሌላ የተባለም የለም።

«አይመለስም አለች።»

«ማን?» አለች ሠናይት።

አልጋነሽ ጥቁሩን ቀሚስ ከሻጯ እጅ ተቀብላ፣ ያን ሁሉ ሰው ሳታፍር፣ ሠናይት ትከሻ ላይ አደረገችላት። ሠናይት በዚህ ጊዜ ወዲያ አላለችም።