መሀል ላይ የተረፈው ሱቅ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መርካቶ ውስጥ ነው። እሳቱን ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል። ያልረሳሁት ከእሳቱ በኋላ የመጣውን ጥያቄ ነው።

ከራጉኤል ወረድ ብሎ አባቴ የተወልኝ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግጥም እጽፋለሁ፤ ሰፈሩ «ገጣሚው» እያለ ያሾፍብኛል። ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። አርብ ለጁምዓ ሲሄዱ በራቸው ላይ በርጩማ አጋድመው ይወጣሉ። «መጣሁ፣ እያየህልኝ» ማለት ነው። ለራጉኤል ንግሥ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ቀን ቀን ቆልፈን አናውቅም።

አንድ ጠዋት ስመጣ ረድፉ በሙሉ ከሰል ሆኗል። የእኔ ብቻ መሀል ላይ ቆሟል። የጋሽ ሸምሱ ብርድ ልብስ ነዶ አልቋል፤ ከግድግዳው ወዲህ ያለው የእኔ ፕላስቲክ ጆግ እንኳ አልተጣመመም።

ሰው ምክንያት ፈለገ። አንዷ «ራጉኤል ነው» አለች። አንዱ «ነፋሱ ዞሮ ነው» አለ። ሌላው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ያ ይብሳል። ሊመረምሩ የመጡትም ጠይቀው ጠይቀው ምንም ሳያገኙብኝ ሄዱ።

ጋሽ ሸምሱም መጡ።

«አንተ ልጅ፣ አልቆጣህም። ያንተ ለምን ተረፈ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ለዝናቡም ለጭቃውም ቃል የምታገኝ ሰውዬ፣ ለዚህ አጣህ?»

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ቀረ። ፍርስራሹ ላይ ሸራ ወጥረው ሥራ ሲጀምሩ፣ አርብ አርብ ዕቃቸውን በገመድ ጠፍረው ይሄዱ ጀመር። ሲቋጥሩ ቆሜ አያለሁ። ምነው የእኔም አብሮ በተቃጠለ ያልኩበት ቀን አለ።

አንድ አርብ ዝናብ እያካፋ ገመዱን አንስተው ትንሽ ያዙት። ከዚያ ወርውረውት በርጩማቸውን አጋደሙ።

«ገጣሚው! ሸራው ውሃ ከቋጠረ በእንጨት ግፋው» ብለውኝ ሄዱ።

ሲመለሱ አላስችል አለኝ። «ጋሼ፣ ምክንያቱን አገኙት እንዴ?»

«የምኑን?»

«የእኔ ሱቅ ያልተቃጠለበትን።»

«ኤጭ! ደከመኝ» ብለው በርጩማውን አቁመው ተቀመጡበት።

አሁንም ሰው ይጠይቀኛል። እኔም ሱቅ ስዘጋ ያን ጆግ እያገላበጥኩ አየዋለሁ፤ ምንም አይነግረኝም። እኔም ደክሞኛል። አርብ ሲደርስ ግን እንጨቴን ይዤ ሸራቸው ሥር እቆማለሁ።