ንፍሮ የተጠቀለለባቸው ግጥሞች

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የተቀጠርኩበት ሥራ መጻሕፍት መመዝገብ ነው። ማንም ሳያዘኝ የምሠራው ሥራ ደግሞ ነበረኝ፤ በደርግ ጊዜና ከዚያ በፊት በነጠላ ወረቀት እየተባዙ ለሰው ይታደሉ የነበሩ ግጥሞችን፣ መዝሙሮችንና የሠርግ ዘፈኖችን እሰበስባለሁ። ለእያንዳንዱ ካርድ አወጣለታለሁ፤ የመጀመሪያው ስንኝ፣ የተገኘበት ቦታ፣ ወረቀቱ ላይ የደረሰው ጉዳት፣ ሁሉም ይጻፋል። አሥራ አራት ካርዶች ላይ፣ "ደራሲ" በሚለው ቦታ "ያልታወቀ" የሚል ሰፍሯል። ያልታወቁት ሰው አንድ ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት ከየገጹ ግርጌ ከሚስሏት ትንሽ ዓሣ ነው።

ያን ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ ከትከሻዬ በላይ ዓሣዋን አዩዋት።

"እኚህማ ታይፒስቱ ናቸው" አሉ። "ትናንት ቀበርናቸው እኮ።"

"ቤታቸው የት ነበር፣ አባባ?"

"ከባህል አዳራሽ ወረድ ብለሽ ድንኳኑን ታገኚዋለሽ። ዛሬ ብትሄጂ ይሻልሻል። ነገ ሠልስት ነው፤ ሰው ይበዛል።"

እኔ ሰው ያለበት ቦታ ለመሄድ ሁለት ቀን መዘጋጀት የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ። ቢሆንም አሥራ አራቱን ወረቀቶች በፎልደር ይዤ ሄድኩ። ሐሳቤ አንድ ዘመድ ለብቻው አግኝቼ፣ ሌላ የቀረ ወረቀት እንዳለ ቀስ ብዬ ለመጠየቅ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ለብቻው የሆነ ሰው የለም። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ከትልቅ ካርቶን ወረቀት አውጥታ ንፍሮ ጠቀለለችና ሰጠችኝ። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት። ግርጌው ላይ ዓሣ አለ።

ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው የሟቹን ሥራ በእጁ ይዞ ንፍሮ ይቅማል። አንድ ሽማግሌ የፋሲካ መዝሙር አጥፈው ጥርሳቸውን ይጎረጉሩበታል። ካርቶኑ ግማሽ ደርሷል። ተነስቶ "ኧረ በዚህ ወረቀት አታድርጉት" የሚል ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔ ማለት የቻልኩት "ትንሽ ይጨመርልኝ" ብቻ ነው።

አምስት ጊዜ ተጨመረልኝ። እያንዳንዱን ወረቀት በመሐረቤ እየጠረግኩ ፎልደሬ ውስጥ አስገባሁ። ከእግሬ ሥር የወደቁትንም ለቀምኩ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሴቶች ማውራት ጀመሩ።

"ይቺ የማን ልጅ ናት?"

"እንጃ። ሐዘኑ ሆዷ ገብቷል መሰለኝ፣ ንፍሮውን አልቻልናትም።"

"ግንባሯን አያችሁት? ቁርጥ እሱን" ያለችው የሟች እህት ናት። "ዲላ ሲሠራ ጠርጥሬ ነበር።"

"ዝም በይ፣ ሚስቱ ትሰማለች።"

"ትስማ። ያቺ ፎልደር የፍርድ ቤት ወረቀት ካልሆነች ምን አለ በይኝ። ቤቱን ልትካፈል ነው የመጣችው።"

አፍሬ አቀረቀርኩ። "አቀረቃቀሯም የእሱ ነው" አለች እህትየው።

ብዙም ሳይቆይ ውስጥ ተጠራሁ። የሟቹ ባለቤት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

"አልቆጣሽም፣ ልጄ። እናትሽ ማን ናት?"

"አስተማሪ ናት። ሆሳዕና ነው ያለችው።"

"ሆሳዕናም ሠርቷል" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ድምፄ አልወጣ ስላለኝ ፎልደሩን ሰጠኋቸው። እንደ መጥሪያ ፈራ ተባ እያሉ ከፈቱት። የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ይኼማ የእኔ ነው። ለሠርጌ የጻፈልኝ።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

ሐይቁ በማለዳ አንቺን አይቶ አፍሮ፣
ጉሙን ተከናንቦ ቀረ አቀርቅሮ።

ቀጥሎ የሙሽራዋ ስም አለ። የእሳቸው አይደለም። ገለጡ፤ ያው ግጥም፣ ሌላ ሙሽራ። ደግሞ ገለጡ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ በማስቀመጤ ያኔ ራሴን ረገምኩ። ሰዎች ለሠርግ ግጥም እንዲጽፉላቸው በለመኗቸው ቁጥር ታይፒስቱ ስሙን ብቻ ይቀይሩ ነበር። የባለቤታቸው አራተኛው ላይ ተገኘ።

"ይኼ ሐይቅ ስንቴ ነው ያፈረው?" አሉኝ።

"እስካሁን ባገኘሁት ስድስት ጊዜ ነው፣ እማማ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቅሳሉ ብዬ ደነገጥኩ፤ ሳያቸው ይስቃሉ። ድምፁ ውጭ ሲሰማ ግን ሴቶቹ "ነገረቻት" ብለው ልቅሶውን እንደ አዲስ አቀለጡት።

በዚያ ጩኸት መሃል ድምፄ ተገኘ። "እማማ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የእሳቸው ጽሑፍ ነው። በንፍሮው እያለቀ ነው።"

ንፍሮ የምታድለዋን ጠርተው ነገሯት። "ታዲያ በምን ልስጥ?" አለች እሷ። "በጄ ልዝገን? ነገ ደግሞ ሠልስት ነው።"

ባለቤታቸው አሰቡ። "ለዛሬ በሳህን አድርጊው። አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ለሠልስቱ የሚበቃ ሌላ ወረቀት ካመጣሽ ካርቶኑ ያንቺ ነው። መዝገብሽ ላይ ግን የእኔን አንደኛ ታደርጊዋለሽ።"

"በቀኑ ከሄድን አራተኛ ነው..."

"አንደኛ።"

እሑድ ጠዋት ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ የስድስቱን ካርዶች ቁጥር በላጲስ አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። ካታሎግ የግድ በቀን ይደርደር ያለ የለም፣ በማዕረግም ይደረደራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ከአልጋዬ ሥር በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩትን የሁለት ዓመት ጋዜጣ አውጥቼ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ባለቤታቸው ካርዱን ተቀብለው ቁጥሩን አዩ፤ ካርቶኑን አስመጡልኝ። የሟች እህት ምንም ሳትጠይቀኝ ጥቁር ነጠላ ደርባልኝ ከቤተሰቡ ጎን አስቀመጠችኝ። አይደለሁም ለማለት ሰዉ በዛብኝ። ስለዚህ ካርቶኑን በእግሮቼ መሃል አጥብቄ ይዤ፣ ንፍሮው ታድሎ እስኪያልቅ ድረስ በጋዜጣ ስጠቀልል አረፈድኩ።