ሰው አሠርቶ አለማብላት

ቤቴ አስፋልቱ ዳር ነው። አዳማ ውስጥ አስፋልት ዳር መኖር አቧራ መጠጣት ነው፤ ባጃጁ ሲያልፍ ያነሳዋል፣ ጋሪው ሲያልፍ ያነሳዋል፣ ማንም ባያልፍ ደግሞ ነፋሱ በራሱ ጊዜ ያነሳዋል። ከአጥሬ ጀርባ፣ ሁለት ሰው በማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ሲገባ፣ የጎረቤቴ ቤት አለ። እሷ ከአርሲ ተድራ የመጣች፣ እኔ ከሸዋ የወረድኩ ነን። ወሬውን እሷ በኦሮምኛ ትጀምረዋለች፣ እኔ በአማርኛ እጨርሰዋለሁ። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ የራበው ልጅ ቀድሞ ያገኘው ቤት ነበር የሚገባው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷም አብሮት አረጀ። ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኗል፤ የኋላው ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል። እኔ ጋ ነይና እደሪ ስላት «ቤቴን ለማን ጥዬ?» ትላለች።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች የአቅመ ደካማ ቤት እናድሳለን ብለው ወደ ሰፈራችን መጡ። ቆርቆሮውንና እንጨቱን ከመኪና አውርደው እኔ ደጃፍ ከመሩት። አብሯቸው አንድ የቀበሌ ሰው አለ፤ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል።

«እማማ፣ ደስ ይበልዎት፤ ቤትዎ ሊታደስ ነው» አለኝ።

«የእኔ ቤት የሚያፈሰው በአንድ ጥግ ነው። ከኋላ ያለውን አይታችሁታል?»

«አይተነዋል። እዚያ ግን መኪና አይገባም። የእርስዎ ከመንገድ ይታያል፤ ለሌላውም አርአያ ይሆናል።»

«ዝናቡ የሚዘንበው የሚታየው ቤት ላይ ብቻ ነው?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ነጠላዬን አደግድጌ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል የተቀመጠ ያውቀዋል፤ ነገር ግን አንዴ ከተቀመጡ በኋላ መነሳት ሽንፈት ነው።

«ኧረ ይነሱ እማማ፣ ይቃጠላሉ!»

«ቆርቆሮው ወደ ኋላ ሲሄድ እነሳለሁ።»

የወጣቶቹ አስተባባሪ አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላዋለች። በመተላለፊያው ገብታ አይታ ተመለሰች። «እውነታቸውን ነው» አለችው ሰውዬውን። «ያ ግድግዳ አንድ ዶፍ አይችልም። ተሸክመን እንወስደዋለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማማ፣ እርስዎ ግን ይነሱልን፤ ከነእርስዎ ይከብደናል» አለችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ደስ ትለኛለች። ተነሳሁ።

ቆርቆሮውን በራሳቸው ተሸክመው ተሰልፈው ገቡ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጎረቤቴ ግን በሯ ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን መቃኑ ላይ ዘርግታ ጠበቀችን።

«ላኪ!» አለች። እምቢ ስትል ኦሮምኛዋ ነው የሚቀድማት። «ቤቴን ማንም አይነካም።»

«አኮ፣ በነፃ ነው እኮ» አላት አንዱ ወጣት፣ በቋንቋዋ አያቴ እያለ።

«ላኪ አልኩ!»

ልጅቷ ጨነቃት። «እማማ፣ እስቲ ያናግሩልን» አለችኝ። «ዛሬ ካልጀመርን ዕቃው ወለንጪቲ ለሌላ ሰው ይሄዳል።» በቦሰት ተራራ በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ጎረቤቴን ጎትቼ ወደ ውስጥ አስገባኋት።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? እኔ መቀመጫዬን ጠብሼ ያመጣሁልሽን!»

«ድስቴን ክፈቺና እዪው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ባዶ ነው። «ይሄ ሁሉ ሰው ቤቴ ሲሠራ ሊውል ነው። ምን ላብላው? እኛ አገር ደቦ የጠራ ሰው ያበላል። ካላበላ ሠራተኛው በዘፈን ይሰድበዋል። ባሌ በዕድሜው ሰው አሠርቶ ሳያበላ ሸኝቶ አያውቅም። አሁን እኔ ከመቃብሩ ላሰድበው?»

«እኔ ወጥ እሠራልሻለሁ።»

«በአንቺ ወጥ ከተሠራማ ቤቱ ያንቺ ነዋ!»

ልጅቷ በር ላይ ሆና ሰምታን ኖሯል። ነገሩን ያቀለለች መስሏት፣ «አኮ፣ እርስዎ አያስቡ፤ ምሳችንን ይዘን ነው የመጣነው። ዳቦም ውሃም አለን» አለች። ወይ ልጄ! ጎረቤቴን ከዚህ የበለጠ ምን ያዋርዳታል? ሰው ቤቷ መጥቶ፣ ጥላዋ ሥር ተቀምጦ፣ የራሱን ዳቦ ከፌስታል አውጥቶ ሊበላ! ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በሁለቱም ተናደድኩ። አንዷ ላብላ ትላለች፣ የምታበላው የላትም፤ ሌላዋ ምግብ ይዛለች፣ አሰጣጡን አታውቅም። ወጥቼ ወጣቶቹ ላይ ጮህኩባቸው።

«እናንተ እናት አላሳደገቻችሁም? ሰው ቤት በባዶ እጅ ይመጣል? ዳቦ ታቅፋችሁ ደጅ ትቆማላችሁ? አምጡ፣ ለባለቤቷ ስጡ!»

እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ ግን ገባት። ዳቦዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ «አኮ፣ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጎረቤቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ብልጥ ስለሆነች ዘዴዬ አልጠፋትም። ቢሆንም እንግዳ ያመጣውን ዳቦ መመለስ ነውር ነው። የሁሉንም ተራ በተራ ተቀበለች፣ ሁሉንም መረቀች። ከዚያ በሩን ለቀቀችላቸው።

ገሚሱ አሮጌውን ቆርቆሮ ሲያወርድ፣ ገሚሱ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሩ አቦካ። የተነፋውን ግድግዳ አፍርሰው አዲስ ማገር አስረው መረጉት። ቀትር ላይ ጎረቤቴ ዳቦውን በራሷ ቢላ ቆርሳ፣ አዋዜ በጥብጣ፣ በትሪ አቀረበች። ለጉልበቷ መታሻ ያስቀመጠቻትን ቅቤ ልታወጣ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ረቡዕ ነው፤ ገሚሶቹ ጾመኞች ናቸው። ደግሞስ የጉልበትሽን ቅቤ ነው የምታበያቸው?»

«ንጹሕ ነው!»

የቀበሌው ሰው ጠዋቱን ሙሉ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ቆይቶ ሊበላ ጠጋ አለ። ትሪውን ሳብ አደረግኩበት። «ጭቃ ያልነካ እጅ ዳቦ አይነካም።»

ጎረቤቴ ትሪውን ከእጄ ነጥቃ ትልቁን ቁራሽ መርጣ ሰጠችው። «በቤቴ እንግዳ አይመረጥም።»

«ይሄ ፍርድ አይደለም!»

«ፍርድሽን ከአጥርሽ ወዲያ» አለችኝ። ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሰውዬው አዋዜው አቃጥሎት ዕንባው እየወረደ በላ፤ ይህን ሳይ ትንሽ ቀለለኝ።

ወደ ማታ የመጨረሻውን ቆርቆሮ ሲመቱ አንዱ የገጠር ልጅ የደቦ ዘፈን አወጣ። ልጅቷ ነግራው መሆን አለበት፣ የቤቱን አባወራ አነሳ፤ ያ ሰው ያጠግብ ነበር፣ ዛሬም አጠገበን እያለ። ሌሎቹ በመዶሻ ተቀበሉት። ጎረቤቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ሰማች።

ዘፈኑ ሳያልቅ ዶፉ ወረደ። ሁላችንም ተጋፍተን ገባን፤ አዲሱ ጣሪያ እየጮኸ ያዘ። በኋላ ልጅቷ «ምርጉ! ገና እርጥብ ነው!» ብላ ወጣች። ወጣቶቹ ተከትለዋት አሮጌውን ቆርቆሮ እያነሱ ግድግዳው ላይ ደገፉት፤ ነፋሱ እንዳይወስደው በጀርባቸው ይዘውት ቆሙ። የቀበሌው ሰው አንዱን ጫፍ ይዞ ነበር፤ ኮቱን የት እንደጣለው አላየሁም።

«ግቡ!» ትላለች ጎረቤቴ ከበር። «ይወድቅ እንደሆነ ይውደቅ! ትታመሙብኛላችሁ!» ማንም አልገባላትም።

ዝናቡ ቶሎ አለፈ። ምርጉ ከሥሩ ታጥቧል፣ ግድግዳው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጅቷ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋው፣ «የታጠበውን ነገ መጥተን እንመርገዋለን» አለች። ከዚያ እንደራሰች አቅፋን ሄደች።

ጎረቤቴ እስኪርቁ ጠብቃ ክንዴን ያዘችኝ።

«ነገ ምን ላብላቸው?»