ክላሲካል የተባለችው ዘፈኔ

ባለፈው ቅዳሜ ትምህርታችንን ጨርሰን የፒያኖውን ክዳን ስዘጋ፣ ተማሪዬ ሳሮን ፈራ ተባ እያለች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ለቡ መብራት ኃይል ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ድምፅ ማሠልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከተማሪዎቼ መካከል በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር እስከ መጨረሻው ዙር የደረሰች ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«ቲቸር፣ ውድድሩ ሲያልቅ ሬዲዮ ላይ የሚያጫውቱኝ ይመስልዎታል?» አለችኝ።

ሳሮን የምትዘፍነው በትልቁ ድምፅ ነው፤ ማይክ ባይኖርም አዳራሹን የሚሞላ፣ ከሆድ የሚነሣ፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ብዙ የተለፋበት ድምፅ። በዚያ ድምፅ የራሳችንን ቅኝት ስትይዘው ቴሌቪዥን ላይ ሰዉ ከመቀመጫው ይነሣል፤ አንዷ ዳኛማ አልቅሳለች። ሬዲዮ ግን ሌላ ነገር ነው። ሀይሌ ጋርመንት ጋ መንገድ ተዘጋግቶበት የቆመ ሾፌር እንዲህ ያለ ድምፅ ሲመጣበት እጁ ወደ ሬዲዮው ይሄድና ጣቢያ ይቀይራል። የሬዲዮ አዘጋጆችም ይህን ስለሚያውቁ ትከሻ የሚያነቃንቀውን ይመርጣሉ። በእነሱም አልፈርድም፤ እኔም ራሴ ትራፊክ ውስጥ ሆኜ የእኔ ቢጤ ቢዘፍንልኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሳሮንን ሻይ ጠጥታ እንድትሄድ ነግሬያት ወደ ኩሽና ገባሁ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ቆሜ የራሴን ጉድ አስታወስኩ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ቤታችን መካኒሳ አቦ ነበር። ያኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ሲሉ አጥሮቹ ያልቁና እርሻ ይጀምር ነበር፤ የእነዚያ እርሻዎች ባለቤቶች ጠዋት ወተት ያመጡልን ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይቀማል። እኔም አንድ እግር ጫማዬን እዚያው መንገድ ላይ አስቀርቼ፣ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ወደ ቤት የገባሁበት ቀን ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ወደ ደቡብ ሲመላለስ አብሮት የኖረው ሬዲዮ ነው። ረዳቱ ሲተኛ ሬዲዮ አይተኛም ይል ነበር። ጡረታ ሲወጣም ወገቡ አላስቀምጥ ስላለው በረንዳው ላይ ፍራሽ አንጥፎ ጋደም ይልና ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ሥር ያደርጋታል። ዜናውንም፣ የአየር ጠባዩንም፣ ማስታወቂያውንም እኩል በጥሞና ያዳምጣል። አባዬ ዘንድ አንድ ነገር ተደርጓል የሚባለው በሬዲዮ ሲነገር ነው።

እኔ ደግሞ የሂሳብ ትምህርቴን አቋርጬ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼበታለሁ። ቤቱ ታመሰ። አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ «የኔ ቤት አዝማሪ አያፈራም» ብሎ ፎከረ። ከዚያ እኔ በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ላይ ቀረብኩና ሦስተኛ ወጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ተሰብስቦ ሲያጨበጭብ፣ አባዬ ወገቤን አሞኛል ብሎ ከበረንዳው አልተነሣም። ከዳኞቹ አንዱ ድምፄን አድንቆ፣ የት እንደሚመድበው ግን ጨንቆት ነበር። እሱ ብቻ አይደለም የጨነቀው።

በማግሥቱ አባዬ ጠራኝ። ያለኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ቴሌቪዥን መልክሽን አይቶ ነው ያጨበጨበልሽ። ሬዲዮ መልክ አያይም። እስከ መስከረም በሬዲዮ ከሰማሁሽ ትምህርትሽን ቀጥዪ። ካልሰማሁሽ ግን ወደ ሂሳብሽ ትመለሻለሽ፤ ሁለተኛም ስለ ዘፈን አታነሺብኝም።»

ሰኔ ነበር። ሁለት ወር ምናምን አለኝ ማለት ነው። አባዬ ደግሞ ምሎ ወደኋላ የሚል ሰው አይደለም።

የሦስተኛነት ሽልማቴ አንድ ዘፈን ስቱዲዮ ገብቶ መቅዳት ነበር። ግጥሙን የጻፈልኝና ፒያኖውን የተጫወተልኝ የክፍል ጓደኛዬ ዮናስ ነው። ዘፈኑ ስለ ዝናብ ነው፤ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች፣ ሲያባራ ግን መሄጃዋን ትረሳዋለች። ዮናስ ፒያኖ መጀመር እንጂ ማቆም የማይወድ ልጅ ስለነበር መግቢያው ረዘመ። እኔ አፌን እስክከፍት አንድ ሰው ተነሥቶ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን ሁለታችንም ከዚያ የሚበልጥ ሙዚቃ በአገሩ ያለ አይመስለንም ነበር።

ሲዲው ሲደርስ ዮናስ በወፍራም እስኪብርቶ ላዩ ላይ ስሜን ጻፈ፤ ከስሜ በታች በኩራት «ክላሲካል» ብሎ ጨመረበት። እንደ ሌሎቹ ተራ ዘፈን እንዳይመስላቸው ነው ነገሩ። ዝናቡ ሲያባራልን ታክሲ ይዘን አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሄድን። የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ደግ ሰው ነበሩ። እንግዳ መቀበያው ድረስ መጥተው ሲዲውን ተቀበሉንና ጽሑፉን አነበቡ።

«ክላሲካል ነው? ጎሽ። ክላሲካል ሁልጊዜ ያጥረናል» አሉ። ከዚያም በየቀኑ እንደሚያስገቡት ነገሩንና ሲዲውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

በየቀኑ! እኛ አንዴ እንዲያጫውቱልን ልንለምን ነው የሄድነው። ከጣቢያው ስንወጣ ዮናስ ከመንገድ ዳር ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ ገዛልኝ፤ ዝናቡ እንደገና ጀምሮን ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠግተን እየሳቅን ጋጥነው። ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት። ማታ ለሬዲዮው አዲስ ባትሪ እንዲገዛለት ልጅ ላከ።

አንባቢዬ በዚህ አገር ያደገ ከሆነ ስህተታችን ገና ድሮ ገብቶታል። እኛ በትምህርት ቤታችን ክላሲካል ስንል በኖታ የሚጠናውን የፈረንጆቹን ሙዚቃና አዘፋፈን ማለታችን ነው። የቀረው ሕዝብ ግን ክላሲካል የሚለው፣ ግጥም የሌለበትን ሙዚቃ ሁሉ ነው፤ በሳክስፎን ይሁን በክራር፣ ዘፋኝ ከሌለው ክላሲካል ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ክላሲካል ማለት ሰው ከሥሩ የሚያወራበት ማለት ነው። ዜና ሲጠበቅ፣ ማስታወቂያ ሲነበብ፣ ከፕሮግራም ፕሮግራም ሲሻገሩ ክፍተት የሚሞላ ነገር። ጋሽ መኩሪያ ምንም አላጠፉም፤ ዘፈኔን እኛው ራሳችን ክላሲካል ብለን ስለጻፍንበት ከክላሲካሎቹ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ሐምሌ አለቀ። የምርጫ ሙዚቃውን ሰዓት፣ የአዳዲስ ዘፈኖችን ሰዓት፣ የወጣቶችን ሰዓት ሁሉ አባዬና እኔ በረንዳው ላይ ሆነን አዳመጥን። አንደኛ የወጣው ልጅ ዘፈን በቀን ሦስቴ አራቴ ይመጣል። የእኔ የለም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲበረታ አባዬ ሬዲዮዋን ደረቱ ላይ አስቀምጦ በጋቢው ይሸፍናታል፣ እንዳያመልጠው። አንድ ቀን እንኳ «የታለ?» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጣቢያው ሄጄ መጠየቁም ሰው መጨቅጨቅ መስሎ ታየኝና ተውኩት። ነሐሴም ገሰገሰ። የሂሳብ መጻሕፍቴን ከአልጋው ሥር አውጥቼ አቧራቸውን አራገፍኩ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፍልሰታ ልትፈታ ሰሞን፣ የጠፉ ሰዎች ማፈላለጊያ ሲነበብ በረንዳው ላይ ሽሮ ክክ እየለቀምኩ ነበር። አንባቢዋ ሴትዮ በዚያ በተረጋጋ ድምፅዋ አንዲት ከቤት ወጥታ ያልተመለሰች ልጅን መልክ ትናገራለች። ቀይ ናት፣ ፀጉሯ ሹሩባ ነው፣ ስትወጣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ነበር። ከሥሩ ፒያኖ ይሰማል። እጄ ክኩ ላይ ቆመ። የዮናስ ፒያኖ ነው፤ ያ የማያልቀው መግቢያ። ልጂቷን ያየ ሰው እንዲያሳውቅ ሴትዮዋ ስትማጠን፣ መግቢያው አለቀና የእኔ ድምፅ ገባ።

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ንግግሯ ለአፍታ ተቋረጠ። እስከዚያ ቀን መግቢያው ሳያልቅ ሲያቋርጡት ኖረው ይሆናል፤ እዚያ ቦታ ሰው ይዘፍናል ብሎ ማን አሰበ! ከዚያ ማንበቧን ቀጠለች፣ ቴክኒሻኑም ድምፄን ዝቅ አደረገው እንጂ አላቋረጠውም። አንዱ ማስታወቂያ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሙዚቃውን ከፍ አደረጉት። በዚያች ክፍተት ውስጥ አንድ ስንኝ ጥርት ብሎ ወጣ። አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ ወዲያው የአንድ አዛውንት ስም ተጠርቶ ከሥሩ ቀረሁ።

አባዬ ሬዲዮውን እስኪሰነጠቅ ድረስ ከፍ አድርጎት ነበር። ማስታወቂያው ሲያልቅ ቀነሰውና ተነሥቶ ተቀመጠ። ፊቱን ማየት ፈራሁ። እንዲህ ተደብቆ መሰማት መሰማት አይባልም ይለኛል ብዬ ነው የጠበቅኩት። እውነቴን ነው፣ ቢለኝም ክርክር አልነበረኝም።

«ለጠፋችው ልጅ ነው እንዴ የዘፈንሽላት?» አለኝ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። «እንዲህ ከሆነ ሌላ ነው። ለጠፋ ሰው ከሆነ ዝፈኚ። ይሄ የአዝማሪ ሥራ አይደለም» አለና ተመልሶ ጋደም አለ።

ያን ቀን ማታ እናቴ ክኩ ውስጥ የቀረ ጠጠር አግኝታ ተቆጣችኝ፤ እኔ ግን ቁጣዋ ከጆሮዬ አልደረሰም። አባዬ በማግሥቱ ወገቡን ይዞ ከቤት ወጣ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ለጠፉ ሰዎች ነው የምትዘፍነው እያለ አወራ። መስከረም ሲጠባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ድረስ ሸኘኝ። የዚያችን ልጅ ማስታወቂያ ለብዙ ቀን ሲከታተል ቆይቶ መነበቡ ሲቀር ተገኝታለች ብሎ ነገረን። እውነት ተገኝታ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ እሱ ግን ተገኝታለች ብሎ አመነ።

ጣቢያው ዘፈኔን ከዚያ ቦታ አላነሣትም። ለዓመታት የሰው መፈለጊያ ሆና ቆየች። አንድም ቀን ስሜ ሳይጠራ፣ አንድም ቀን ሙሉዋን ሳትሰማ፣ አንደኛ ከወጣው ልጅ ዘፈን የበለጠ ዕድሜ አገኘች። መካኒሳ ላይ ታክሲ ስሳፈር «ያቺ የጠፋ ሰው ዘፋኟ» ብለው የሚጠቋቆሙብኝ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ሆድ ይብሰኝ ነበር፤ በኋላ ግን ለመድኩት፣ ወደድኩትም።

አባዬ የመጨረሻ ዓመቶቹን ያሳለፈው እዚህ እኔ ቤት ነው። አንድ ቀን ተማሪ ሸኝቼ ስመለስ ከሶፋው ላይ ሆኖ ያችን የዝናቧን ዘፈን ለምን ለተማሪዎቼ እንደማላስተምራት ጠየቀኝ።

«የዝናቧን?» አልኩት። ስለ ዝናብ እንደሆነች ማንም ነግሮት አያውቅም።

«ስለ ዝናብ አይደል እንዴ? ያኔውኑ ሰምቻለሁ። የታመመው ወገቤ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ለጠፋችው ልጅ ነው ስትል የነበረውስ?»

«ለሰፈሩ ሁሉ ፎክሬ ነበር፤ በምን አፌ ልመለስ?» አለኝ። «ክረምቱ እያለቀብኝ ነበር፣ ልጄ። ልብስ ስታጥቢ ከጓሮ ስትዘፍኚ እሰማሽ ነበር እኮ። ሬዲዮውን የምቀንሰው ለዚያ ነበር።»

እኔ የራሴ ጭንቀት እንጂ የእሱ አልታየኝም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ያ ባትሪ፣ ያ በጋቢ መሸፈን፣ እሱም እንደ እኔ አንዲት መውጫ እየጠበቀ ነበር ለካ። አባቴን ከዚያ ቀን የበለጠ የወደድኩበትን ቀን አላስታውስም።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ሳሮን መስኮቱ ጋ ቆማለች። ስለ ሬዲዮው የማውቀው ነገር እንደሌለ ነገርኳት፤ ሊያጫውቷት ይችላሉ፣ ሊተዉአትም ይችላሉ። ከዚያ ማን እንዲሰማት እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሕዝቡ አለች። ቆይታ ደግሞ እናቷ አለች። እናቷ ዘፈን ኃጢአት ነው ብላ ታምናለች፤ አንድም ውድድሯን አላየችላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የምታደርሳትም መንገዱን ፈርታ ነው እንጂ ከበር አልፋ አትገባም።

ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁና የግቢውን በር ከፈትኩ። የሳሮን እናት ከአጥሬ ጥግ፣ የሳሎኑ መስኮት ከሚገኝበት ትይዩ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ስልኳን እያየች ቆማለች። የኅዳር ብርድ ነው። ሰላምታ ሰጥቻት፣ ሻይ አለ፣ ይግቡ እንጂ ብርድ ነው አልኳት።

«ኧረ ግድ የለም፣ እመቤት» አለችኝ። «ከዚህም በደንብ ይሰማል።»

በሩን ሳልዘጋው ተመለስኩና ፒያኖውን እንደገና ከፈትኩት።