በዘንቢል የተበተነችው ሴይቼንቶ

ልጅ እያለሁ መኪና በዘንቢል ተሸክሜ አውቃለሁ። ሙሉዋን አይደለም፤ አንድ አንድ ዕቃ እየተደረገ፣ ከላዩ ጎመን እየለበሰ። አባቴ ከአቃቂ ሳሪስ የሚመላለስ ባለታክሲ ነበር። ሴይቼንቶ የምትባለው ታክሲው ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ውስጧ ቤንዚንና የገበያተኛ ቅቤ የሚሸት ትንሽዬ መኪና ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት ሲያጥባት ጎማዋን እንዳሽ ይፈቀድልኛል። ለዚያ ዕድል ከወንድሜ ጋር ስንቴ ተቧጭረናል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ አንድ ሰሞን መኪና ያለው ሁሉ ሊወረስበት ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን ናጠው። ማን እንዳወራው የሚያውቅ የለም። አባቴ ግን አመነ። የማትሄድ መኪና ማን ይወርሳል ብሎ የግቢውን በር ዘግቶ ፈታታት፤ ዕቃዎቿንም ለሚያምናቸው ሰዎች በአደራ በተነ። ዲናሞው ለክርስትና አባቴ ሄደ፣ ካንዴላዎቹ ባቡር ጣቢያ ለሚሠራው ጎረቤታችን። ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ጎመን የያዘች ልጅ ማን ይጠረጥራል። ቤንዚኑን ከአየር አዋህዶ ለሞተሩ የሚያቀብለው ካርቡራቶር ግን ወደ ጋሽ ደቻሳ ቤት ሲሄድ አባቴ ራሱ አብሮኝ መጣ። ጋሽ ደቻሳ ከወንዙ ማዶ ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበሩ። ሁለቱ ውስጥ ሲንሾካሾኩ እኔ በር ላይ ተቀምጬ የሰጡኝን የሽምብራ እሸት እበላለሁ። የዚያ እሸት ጨው ጨው ማለት እስከዛሬ ከከንፈሬ አልጠፋም።

መኪናዋን ልውረስ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ወሬው እንደመጣው ሄደ። ዓመት አለፍ ብሎ አባቴ ዕቃዎቹን ልሰብስብ ሲል እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋለ፤ ስለዚህ ወንድሙን፣ አጎቴን፣ ወደ ጋሽ ደቻሳ ላከው። አጎቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። "የምን ዕቃ? እኔ የማውቀው ነገር የለም አለኝ" አለ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና "ሸጦ በላው" አለ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ደቻሳን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ እኔንም እጄን ጎትቶ ያሳልፈኛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋሽ ደቻሳ ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ አልደረሰም። ከጓደኛው ቀብር የቀረ ሰው አቃቂ ውስጥ ምን እንደሚባል እናቴ ታውቃለችና እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። አልሰማትም። ሌላውንም ዕቃ መሰብሰቡን ተወውና ታክሲዋ ግቢያችን ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆና ቀረች፣ እሱም ፋብሪካ ጥበቃ ተቀጠረ።

ይህ ሁሉ ተረስቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ቤታችን ሊፈርስ ሆነና ገላን ኮንዶሚኒየም ተሰጠን። እኔ ሃምሳን አልፌያለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ ከቢሮ ስወጣ የሚታየኝ አልጋዬ ብቻ ነው። አባቴ ግን "መኪናዋ በራሷ ሞተር ካልወጣች እኔም ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አልልም" ብሎ ቁጭ አለ። የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዕቃ ሊጭን የመጣውን አይሱዙ ባዶውን ሲመልሰው ነው የምሩን መሆኑ የገባኝ። አፍራሾቹ ደግሞ የኛን ጣጣ ቆመው አይጠብቁም።

ምን ይደረግ፣ የተበተነውን መልቀም ጀመርኩ። የክርስትና አባቴ ልጅ ዲናሞውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣልኝ። ካንዴላዎቹ በዝገት አልቀው ስላገኘኋቸው አዲስ ገዛሁ። የሳሪሱ መካኒክ የተገኘውን ሁሉ ገጣጠመና "ካርቡራቶር የላትም እኮ" አለኝ፣ የማላውቅ ይመስል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ስንት ቅዳሜ ተንከራተትኩ። ዕቃ የሚሸጡት ወጣቶች የመኪናዋን ስም ስጠራ ይሳሳቃሉ። አንዱ "እናት፣ እሱ አሁን ሙዚየም ካልሆነ የትም አይገኝም" ሲለኝ እዚያው የጎማ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ሁሉ አምሮኝ ነበር። ለአባቴ ሳልነግር ወደ ጋሽ ደቻሳ ቤተሰብ ለመሄድ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። ሸጠውት ከሆነ ለማን እንደሸጡት ይነግሩኝ ይሆናል ብዬ ነበር።

በእድራቸው በኩል አጠያይቄ ባለቤታቸውን አዴ ጫልቱን ኮዬ ፈጬ፣ ከልጃቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ አገኘኋቸው። ማን መሆኔን ነገርኳቸው። እንዴት አድርጌ ነገሩን እንደማነሳው ሳሰላስል እሳቸው ቀደሙኝ። "ለዕቃው ነው የመጣሽው?" አሉና ከቁም ሳጥን ውስጥ በዘይት የራሰ ጨርቅ አውጥተው ፈቱት። ካርቡራቶሩ ዝገት የሚባል አልነካውም። እጄን ስዘረጋ ግን መልሰው ጠቀለሉት።

"ላንቺ አልሰጥም፣ ልጄ" አሉ። "አባትሽ ‘ከኔ ከራሴ በቀር ለማንም እንዳትሰጡ፤ ወንድሜ ነኝ የሚል ቢመጣ እንኳ አናውቅም በሉ’ ብለውናል። ራሳቸው ይምጡ።"

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። "እንደዚያ ብዬ ነበር?" አለ። ቀጥሎም "ለሁሉም እንደዚያው ነው ያልኩት" አለ። ሌሎቹ ሰምተው ረሱት፣ ተናጋሪው ራሱ ጭምር። ቃሉን የያዙት ጋሽ ደቻሳ ብቻ ናቸው።

በማግስቱ አባቴን በየወለሉ እያሳረፍኩ አራተኛው ፎቅ ድረስ ይዤው ወጣሁ። አዴ ጫልቱ ሲያዩት ፊታቸው በራ። ጥቅሉን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት፤ እሱ ግን አልፈታውም። እሳቸውን ደስታቸው አስወራቸው።

"የኛ ሰው ሲያደንቅዎ ነው የኖረው" አሉት። "መንገድ ላይ ሲያልፉ እሱ ይነሳልዎታል፣ እርስዎ ዝም ብለው ያልፋሉ። ቤት ሲገባ ‘አየሽው ሰውዬውን፣ ማንም እንዳይጠረጥረን ብሎ እኮ ነው እንደማያውቀኝ የሚሆነው’ ይለኛል። ከቀብሩ የቀሩ ጊዜም ዘመዶቹ ሲያሙዎ አፋቸውን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ምክንያት ይኖራቸዋል አልኳቸው።"

አባቴ አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር መሆኑ ገብቶኝ ደነገጥኩ። የአዴ ጫልቱን ፊት ትንሽ አየና ተወው። ከዚያ "እኔ የመጣሁት ለቅሶ ልደርስ ነው" አለና እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አለቀሰ። አዴ ጫልቱም አብረውት አለቀሱ። የሚያለቅሰው ለሟቹ ብቻ መስሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እንዲመስላቸው ተውኳቸው።

መኪናዋ ተነሳች። እያሳለች፣ እየጨሰች ገላን ገባች። ያን ቀን እደሰታለሁ ብዬ ነበር፤ ደክሞኝ ስለነበር እንቅልፍ ብቻ ወሰደኝ። አባቴም ዞር ብሎ ያያት ከስንት አንዴ ነው።

ድሮ አቃቂ ከቤታችን እስከ ባቡር ጣቢያው ለመድረስ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ጠዋት ይፈጃል። እጅ ይሳማል፣ ከብት ሳይቀር ደህና ነው ወይ ይባላል፤ እኔ ልጅቷ እግሬን እያፈራረቅኩ እቆማለሁ፣ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም አላውቅም። ጠዋት አንገቴን ደፍቼ ወጥቼ ማታ አንገቴን ደፍቼ እገባለሁ፣ ለሰላምታ የሚሆን ጉልበት ከየት ይምጣ። አባቴ ግን በየማለዳው ከሕንፃው በር ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ለሚያልፈው ሁሉ፣ ለተማሪ ሳይቀር፣ ከዘራውን ተደግፎ ይነሳል። አብዛኛው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሳያየው ያልፋል።

"አባባ፣ ቀና ብሎ ለማያይህ ሁሉ ምን ያደክምሃል፣ ቁጭ በል" አልኩት አንድ ቀን።

"ምክንያት ይኖራቸዋል" አለኝ፤ ለቀጣዩም ተነሳ።